«የኔ ናት» የሚል ፍቅር

ክብረ ነገሥት በተነሳ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው። አንዱ «የዘር ሐረጋችን ማስረጃ» ይላል፤ ሌላው «ለሥርወ መንግሥት ተብሎ የተጻፈ ተረት» ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን የሚፈልጉት ለሙግት ነው። ታሪኩን ረጋ ብሎ ላነበበው ግን ከዙፋኑ በፊት የሚያገኘው የፍቅርን ጉዳይ ነው፤ የወደደውን በእጁ ካላስገባ እንቅልፍ የማይወስደውን ፍቅር።

ማክዳ ኢየሩሳሌም የወረደችው ባል ፍለጋ አይደለም። ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ቢያወራላት ጥበብ ናፍቃ ነው። ጠየቀች፣ አዳመጠች፣ አመዛዘነች። ከዚያ ፀሐይን ማምለክ ትታ በእስራኤል አምላክ አመነች። እምነቷ አእምሮዋን ረግጦ አልገባም፤ በአእምሮዋ በር ገባ እንጂ።

ሰሎሞንስ? ያንኑ ጥበብ ወጥመድ አደረገው። በኃይል እንዳይነካት ማለላት፤ እሷም ከቤቱ ምንም ነገር በኃይል እንዳትወስድ አስማላት። ቅመም የበዛበት ራት አበላትና ውሃ አስቀመጠ። ሌሊት ጠምቷት ልትጠጣ ስትነሳ እጇን ያዘ፤ «መሐላሽን አፈረስሽ» አላት። ውሃ ነው ብትለው፣ ከውሃ የሚበልጥ ሀብት የት አለ ብሎ ሞገታት። ጠበቃ የሚኮራበት ክርክር ነው። ግን የተጠማ ሰው ውሃ መንካቱን ስርቆት የሚል ጥበብ ምን ዓይነት ጥበብ ነው? ከጥማት የወጣ «እሺ»ስ ፈቃድ ይባላል?

መጽሐፉ ፍርዱን አላዘገየም። ንጉሡ በዚያው ሌሊት በሕልሙ ፀሐይ ከእስራኤል ርቃ ኢትዮጵያ ላይ ስታበራ አየ። ያዝኩ ባለበት ሰዓት ማጣት ጀመረ። ማክዳ ሄደች። ልጁ ምኒልክ አድጎ ሲመጣ «እዚሁ ንገሥ» ብሎ ለመነው፤ ልጁ የእናቱን አገር መረጠ። የሹማምንቱን የበኩር ልጆች አብሮ ቢልክ ታቦተ ጽዮንም ተከትላቸው ሄደች። ማክዳ ግን ልጇን አባቱን እንዲያይ ራሷ ሸኘችው፤ ሲመለስም ዙፋኗን ለቀቀችለት። ያጠመደው አጣ፤ የሸኘችው አገኘች።

«ታቦቷስ ተሰርቃ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉም አልሸሸውም። ታቦቷ የሄደችው በፈቃደ እግዚአብሔር ነው፣ ያለዚያ ማንም አያነቃንቃትም ይላል። ለአማኝ ይህ ተአምር ነው፤ ለተጠራጣሪ ማመካኛ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሊክዱ አይችሉም፦ ደራሲው የተቀደሰን ነገር እንኳ ያለ ፈቃድ «የኔ» ማለት እንደማይበቃ አውቋል። ባያውቅ ኖሮ መልስ ባላስፈለገው።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። «አዲስ አበባ የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ስንት ዓመት ሰው ሲያጣላ ኖረ? ጠያቂው ሁሉ ከተማዋን እወዳለሁ ባይ ነው። ፍቅሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሰሎሞንም ፍቅር እውነት ነበር። ችግሩ ሲወድ ሰነድና መሐላ፣ ታሪክና ሕግ ደርድሮ ሌላውን ማጥመዱ ላይ ነው። ብልህ ክርክር ትክክለኛ ፍቅር አይሆንም።

የሜክሲኮ አደባባይ ስያሜ እዚህ ላይ ትምህርት አለው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ይዣለሁ ስትል ብዙ መንግሥታት አጎነበሱ፤ ሜክሲኮ ግን እውቅና ነፈገች። መያዝና ባለቤት መሆን ይለያያሉ ላለች አገር የተሰጠ መታሰቢያ ነው። ማምሻውን በዚያው ስፍራ ለጀሞና ለአየር ጤና ታክሲ የሚሰለፈው ሕዝብ ከየትኛውም ጫፍ የመጣ ነው። ተራውን የሚጠብቀው በመጣበት ሰዓት እንጂ በአያቱ አገር አይደለም።

ከተማን፣ ልጅን፣ ትዳርን፣ ሃይማኖትን የሚወድ ሰው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የምወደው ነገር በሩ ክፍት ቢሆን አብሮኝ ይቆያል? መልሱ የሚያስፈራው ከሆነ የያዘው ፍቅር ሳይሆን ቁልፍ ነው። ለተጠማ ሰው ውሃ አስቀምጦ «ነካሽ» ማለት ሰሎሞንንም አላዋጣውም።