«350 ብር» ለምን አይደመርም?

የወር ወጪውን በኤክሴል የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው ሂሳቡ ላይ ሳይሆን አጻጻፉ ላይ ነው። ሴሉ ውስጥ «350 ብር» ብሎ ከጻፈ ፕሮግራሙ እንደ ቃል ይወስደዋል፤ የመደመሪያው «ሰም» (SUM) ቀመርም ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። ጤፉ ተገዝቶ፣ እድሩ ተከፍሎ፣ ድምሩ ግን ያንሳል። 350 ብቻ መጻፍና «ብር» የሚለውን በቁጥር ፎርማት ማሳየት ነው የሚሻለው። ሌላው ፈተና የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ የቤት ኪራይና የመንግሥት ደመወዝ ግን የሚቆጠሩት በእኛ ወር ነው። ስለዚህ «መስከረም»፣ «ጥቅምት» እያሉ የወሩን ስም በራሱ ዓምድ ማስፈር ነው፤ «ሰም ኢፍ» (SUMIF) የተባለው ቀመር የየወሩን ለይቶ ይደምረዋል። ጳጉሜንም ስሟ ይጻፍ፤ ደመወዝ ባይኖራትም የእንቁጣጣሽ ገበያ የሚደራው በእሷ ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኤክሴል ቀዳሚ፣ ቪዚካልክ፣ ተወዳጅ የሆነው አንድ ቁጥር ሲቀየር የቀረው በራሱ ስለሚታረም ነበር። ይህን ጸጋ ትቶ በካልኩሌተር እየደመሩ ውጤቱን ብቻ ሴል ውስጥ መገልበጥ ያሳዝናል። ቀሪው ከዜሮ ሲወርድ ሴሉ እንዲቀላ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ማዘዝም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀዩ የእቁብ መጣያው ቀን ሳይደርስ ይታያል።