«ግሩም ነው» ብቻ አይበቃም



በጅቡቲ ከተማ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በሥራ ምክንያት ከአገራችን ርቀን በዚሁ ከተማ የምንኖር፤ ፎቶግራፍ ማንሣትንም ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር የያዝን ጥቂት ኢትዮጵያውያን፤ ዓርብ ማታ ሙቀቱ ረገብ ሲል ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና እየተፈላ በሳምንቱ ውስጥ ያነሣነውን ሥዕል እርስ በርሳችን እንተያያለን።

ሰው ሥዕሉን ለወዳጁ ሲያሳይ ምን መስማት እንደሚወድ የታወቀ ነው። «ግሩም ነው!» «እጅህን ይባርከው!» መባልን ይወዳል። እኛም ይህን ቃል ለማንም ነፍገን አናውቅም ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያለ ልክ የሰጠነው ምስጋና ስላደረሰው ጉዳት ነው።

ከመካከላችን አንድ ትጉህ ወጣት አለ። ሥዕሎቹ ሕይወት አላቸው፤ ሰዎቹም በፊቱ ሲቆሙ አይጨናነቁም። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ይኸውም ሰዎችን በቀትር ፀሐይ ከነጭ ግድግዳ አጠገብ አቁሞ ስለሚያነሣ፤ ግድግዳው ሲደምቅ ፊታቸው ይጠቁር፤ ዓይናቸውም ከቅንድባቸው ጥላ ሥር ይደበቅ ነበር። ይህንን ሁላችንም አይተናል። እኔም አይቻለሁ። ይሁን እንጂ «ገና ጀማሪ ነው፤ ቅር ይለዋል» እያልን አንዳችንም ሳንነግረው አንድ ዓመት አለፈ። እውነቱን ለመናገር፤ የሳሳነው ለእርሱ ስሜት ሳይሆን ለራሳችን መወደድ ነበር። ይሉኝታ የደግነት ልብስ ለብሶ ሲመጣ መለየቱ ያስቸግራል።

ከዚያም አንዲት የአገራችን ልጅ ስታገባ፤ የሠርጉን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ እርሱ ተጠየቀ። ምስጋናችንን አምኖ በደስታ ተቀበለ። የሙሽራይቱ እናት ታምመው ከድሬዳዋ ለመምጣት ስላልቻሉ፤ ልጃቸውን በሙሽርነቷ የሚያዩት በእርሱ ሥዕል ብቻ ነበር። ወጣቱም ሙሽሮቹን በቀትር ወደ ምኒልክ አደባባይ ይዟቸው ሄደ። ይህ አደባባይ ጅቡቲ ነፃ ከወጣችበት ቀን፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 1977 ወዲህ በዚሁ ቀን ስም የተሰየመ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ዙሪያውን የከበቡት ነጫጭ ሕንፃዎች ባለ ቅስት በረንዳ ያላቸው ስለሆኑ ለዓይን ያምራሉ። እርሱ ግን ሙሽሮቹን ያቆማቸው ከበረንዳው ጥላ ሳይሆን ከአደባባዩ መካከል ነበር።

ሥዕሉ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፤ «ቀሚሱንስ አየሁት፤ ልጄ የታለች?» አሉ አሉ።

ሠርግ አይደገምም። ወጣቱ በሚቀጥለው ዓርብ መጥቶ ከመቀመጡ በፊት፤ «ይህን ጉድለቴን ታውቁ ነበርን?» ሲል ጠየቀን። ሁላችንም አቀርቅረን ዝም አልን። መልሱን ከዝምታችን ተረዳው።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ ለመናገር የፈራነው ነገር በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነበር። ጅቡቲ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗ የተነሣ በዓመት ሁለት ጊዜ የቀትር ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወራት ብርሃኗ ከላይ ስለሚወርድ የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል። ካሜራውም በበኩሉ ብርሃንን ይለካል እንጂ ማን ሙሽራ፤ ማን ግድግዳ እንደሆነ አያውቅም። ነጩ ነገር በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ያለ ልክ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ፊት ይጨልማል። መድኃኒቱ ሰውን ወደ በረንዳው ጥላ ማስጠጋትና የብርሃኑን ልክ ከፊቱ ላይ መውሰድ ነው። ጥላ ከሌለም ነጭ ነጠላ በፊት ለፊት ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊት መመለስ፤ ወይም እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት መታገሥ ይቻላል።

መታረም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ሞልቶ የተጣመመውን ያቃናለታል። ተማሪው በመታረሙ አያፍርም፤ የሚያፍረው ሳይታረም በሰው ፊት ቢቆም ነው። በኋላ ዘመን ከዚሁ ከጅቡቲ ባሕረ ሰላጤ ማዶ በታጁራ የተቀመጠው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም፤ እ.ኤ.አ. በ1883 በሐረር ሳለ ራሱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፤ ሥዕሎቹ መንጣታቸውን አልሸሸገም፤ ምክንያቱ ያጠበበት ውኃ መጥፎነት መሆኑን ገልጾ የተሻለ እንደሚሠራ ጻፈ። በአዲስ አበባም አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቋቋሙት አዲስ ፎቶ ፌስት፤ ሥዕሎችን ለሕዝብ ከማሳየት ጋር፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን በዐዋቂዎች ፊት ዘርግተው አስተያየት የሚቀበሉበትን ጊዜ ጨምሮ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

እኛም ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ጥቂት ልማድ አወጣን። ተናጋሪው ስለ ሥዕሉ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም። ያማረውን ሲያመሰግን ምን እንዳማረ ለይቶ ያመለክታል። ጉድለቱን ሲጠቅስ ደግሞ አንዱን፤ ከነመድኃኒቱ፤ ይናገራል። «ፀሐይ አታውቅም እንዴ?» ማለት ስድብ ነው፤ «ወንድሜ፤ የሽማግሌው አቀማመጥ ደስ ይላል፤ ዓይኔ ግን አስቀድሞ የሄደው ወደ ግድግዳው ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ብታስጠጋቸውስ?» ማለት ግን እርዳታ ነው። ሥዕሉን ያመጣውም ሰው አስተያየቱ እስኪያልቅ ድረስ ምክንያት አይደረድርም፤ ሥዕሉ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲሄድ እርሱ አብሮ ሄዶ አያስረዳለትምና። የሰማውን ሁሉ ግን የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ መዝኖ የሚጠቅመውን ይወስዳል።

ወጣቱ ካሜራውን ሊሸጥ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተወው። በዓመት ፈቃዱ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄዶ፤ እናቲቱን ይቅርታ ጠየቀና፤ ልትጠይቃቸው ከመጣችው ልጃቸው ጋር ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ አነሣቸው። ሥዕሉን ባመጣልን ዓርብ ሁለቱም ፊቶች እንደ ንጋት ጠርተው ይታዩ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያም አንዱ ወዳጃችን ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እኩል አርፏል። ነገር ግን የእናቲቱ ቀኝ እጅ ከሥዕሉ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ያ እጅ የልጃቸውን ትከሻ የያዘው ነው» አለው።

ወጣቱም ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን ተመለከተና፤ «እውነትህን ነው» ብሎ የቡናውን ስኒ አቀበለው።

እናንተም አንባቢዎች፤ ወዳጃችሁ የልፋቱን ፍሬ ሲያሳያችሁ፤ ሥዕልም ይሁን ስፌት፤ «ግሩም ነው» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት ቆይታችሁ ተመልከቱለት።