ስለ ገዳሟ ቮልስዋገን ካንዴላ፣ በጀህራ ላለው ልጃችን



በኵዌት፣ ጀህራ በምትባል ከተማ በመካኒክነት የሚሠራ የንስሐ ልጃችን፣ የገዳሙ አሮጌ ቮልስዋገን ጥቁር ጢስ እንደምታወጣና ጠዋት ጠዋት አልነሣ እንደምትል ሰምቶ አዲስ ካርቡራቶር ሊልክ ተነሥቷል። በተሳላሚ እጅ የላካቸው አራት ካንዴላዎች ደርሰው ተገጥመዋል። ስለ ካርቡራቶሩ ግን፣ ልጄ፣ ገንዘብህን ያዝ። ምክንያቱን በዚህ ዐምድ የምጽፈው አሮጌ መኪና ይዘው የሚመጡ ተሳላሚዎችም ይህንኑ ስለሚጠይቁ ነው።

ካንዴላ ሲፈታ ጫፉን ማንበብ ይገባል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ነጭ ሆኖ ካረረ ሙቀት በዝቶበታል፣ ወይም ቤንዚን አንሶታል። በዘይት ከራሰ ፒስቶኑ ወይም ቫልቩ ዘይት እያሳለፈ ነውና ያ ሌላ ወጪ ነው። የእኛዎቹ የቁም ጸሓፊ ለቀለሙ የሚሰበስበውን የመሰለ ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር ጥፋቱን ከዚያ ሲሊንደር እንፈልግ ነበር፤ አራቱም እኩል ሲጠቁሩ ግን ምክንያቱ የጋራ ነው።

በመጀመሪያ የአየሩ ነገር አለ። ጀህራ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደጋችንም ከዚያ አያንስም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይጐድላል። ካርቡራቶሩ ቤንዚን የሚያሳልፍባት ቀዳዳ ግን ለቆላ የተለካች ናት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሳይነድ የቀረውም ጥላሸት ይሆናል። አዲስ ካርቡራቶር በዚያው ልክ ተሠርቶ ከመጣ እንዲሁ ያጤሳል። የአየር ማጣሪያውን ካጸዱ በኋላ ያችን ቀዳዳ የያዘችውን ትንሽ ናስ በጠባብ መለወጥ ይበቃል።

ካንዴላውም ራሱ ድርሻ አለው። ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ የሚያነጻው ጫፉ 450 ዲግሪ ያህል ሲግል ነው፤ ከ850 ገደማ ካለፈ ደግሞ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል። ስለዚህ ሙቀትን ቶሎ የሚያስተላልፍና ሙቀትን የሚይዝ ተብሎ በየዓይነቱ ይሠራል፤ መካኒኮች ቀዝቃዛና ሙቅ ይሏቸዋል። በጀህራ አውራጃ፣ ሚትሪባህ በተባለው ስፍራ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ በእስያ ከተረጋገጡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚያ ሐሩር በሰፊ ጐዳና ለሚሮጥ መኪና ቀዝቃዛውን መምረጥ የዐዋቂ ሥራ ነው። የእኛዪቱ ግን ሕሙማንን ከበሩ እስከ ጸበሉ አድርሳ ትመለሳለች፤ መንገዱ አጭር፣ ጉዞው ዝግ ያለ፣ አየሩም ብርድ ነው። ካንዴላው ሳይግል ሞተሩ ይጠፋል።

ማስተካከያው በቅደም ተከተል ይሁን። ሞተሩ ሳይሞቅ የቫልቮቹ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲናው 0.4፣ ካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ይደረጋል። የእሳቱ ጊዜ ከፑንቲናው በፊት አይነካም፤ የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ጊዜውም ይለወጣልና። ሚኒሞ መጨረሻ ነው። እሳቱ 1፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ ይዞራል፤ አንዱ ቢጐድል ዜማ የሚማሩት ደቀ መዛሙርት ከሾፌሩ ቀድመው ይሰሙታል።

ከጢሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ አብዝቶ ያወጣል። የቮልስዋገን ማሞቂያ ደግሞ አየሩን የሚያሞቀው በጢስ መውጫው ቱቦ ዙሪያ ነው። ቱቦው ከተበሳ፣ በክረምት መስኮት ዘግተው የሚቀመጡ ሕሙማን ያንኑ ይተነፍሳሉ። ቱቦው እስኪመረመር ማሞቂያው እንዲዘጋ፣ መስኮትም ገርበብ እንዲል ለሾፌሩ ተነግሮታል።

ትሸጥና ሌላ ይገዛ የሚሉ ወንድሞች አሉ። የዚህ ዓይነት መኪና የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ አብቅቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። (ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእንዲህ ያለችው እንደ ነበር አረጋውያኑ ያስታውሳሉ።) እኔ ያለችውን መጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ መላክ ካልቀረ ሙቀት የሚይዘውን ዓይነት አራት ካንዴላ ብቻ ላክ፤ የጥርሱ ርዝመት ከቀድሞዎቹ ጋር አንድ ይሁን። ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ተሳላሚው ሳይበዛ ቢደርስልን መልካም ነው።