ጎርፍ የወረዳ ወሰን አያውቅም፤ ተፋሰስን በጋራ የሚመራው ማን ነው?

በየዓመቱ የበጋ ወራት የጋሞ ዞን አርሶ አደር ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር ያክማል፣ የተራቆተ መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ይከልላል። ሥራው በነፃ ጉልበት የሚከናወን ትልቅ ሀብት ነው። ይሁንና ዕቅዱ የሚወርደው በወረዳ ነው፤ በጀቱ የሚመደበውም፣ ሪፖርቱ የሚጠናቀረውም በወረዳ ነው። ውሃው ግን ተዳፋቱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ የወረዳ ወሰን አይቶ አይመለስም።

ካምባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ካምባ ዙሪያንና ከእሱ የወጣውን ጋርዳ ማርታን የሚያካትተው ይህ ደጋማና ተዳፋት የበዛበት አካባቢ ከቦንኬና ከደራማሎ፣ እንዲሁም ከጎፋና ከደቡብ ኦሞ ዞኖች ጋር ይጎራበታል። ከጋሞ ከፍታዎች የሚነሳው ውሃ ሦስት አቅጣጫ ይይዛል። በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች ይወርዳል፤ የማዜ ወንዝ ወደ ኦሞ ይቀላቀላል፤ በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ በወይጦ አድርጎ ወደ ጨው ባሕር ያመራል። በአንድ ወረዳ ተራራ ላይ የታረሰ ማሳ አፈሩን የሚጥለው በሌላ ወረዳ፣ አንዳንዴም በሌላ ዞን ነው ማለት ነው።

ላይ የሚሠራና ታች የሚጠቀም

ከጨንቻ ደጋ የሚነሳው የሐሬ ወንዝ አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ ሲደርስ በጫኖ ቀበሌዎች የሙዝ ማሳዎችን ያጠጣል። የኩልፎ ወንዝም ከደጋው ተነስቶ የአርባ ምንጭ ከተማን አቋርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በሁለቱም ወንዞች የላይኛው ተፋሰስ ሲራቆት የታችኛው አርሶ አደር በክረምት ጎርፍና ደለል፣ በበጋ ደግሞ የውሃ እጥረት ይገጥመዋል።

ችግሩ የግንዛቤ ማነስ ብቻ አይደለም። የደጋው አርሶ አደር ጠባብ ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ ከእርሻው የተወሰነ ቦታ ይቀነስበታል። የግጦሽ መሬቱ ሲከለል ለከብቶቹ ሌላ መኖ መፈለግ አለበት። ወጪው የእሱ ሆኖ ሳለ ከጥቅሙ ብዙው የሚታየው ታች፣ በሌላ ወረዳ ነው። የላይኛው ወረዳ ጽሕፈት ቤትም የሚመዘነው በራሱ ወሰን ውስጥ በሠራው ሄክታር እንጂ ታች ባስቀረው ደለል አይደለም። በዚህ አሠራር ወሰን ላይ ያለ ቦረቦር የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

የመሬቱ አደገኛነትም የሚዘነጋ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባች ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ያለውን አደጋ እርከን ብቻውን ይከላከላል ማለት ባይቻልም፣ ተዳፋት መሬት ወሰን ሳይለይ በአንድ ዓይን ሊታይ እንደሚገባ ግን ያስገነዝባል።

ያለው ሕግና የቀረው ክፍተት

በሀገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀው የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆንን ተፋሰስ የዕቅድ መነሻ ያደርጋል። በሌላው ጫፍ በአዋጅ ቁጥር 534/1999 መሠረት የተቋቋሙት የተፋሰስ ባለሥልጣናት ነበሩ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስም የራሱ ባለሥልጣን ነበረው፤ ኋላ ግን ተግባሩ ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃልሏል። አንደኛው የቀበሌን ያህል ጠባብ ነው፤ ሌላው ክልሎችን የሚያካልል ሰፊ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ወረዳ የሚጋሩትን አንድ ወንዝ የሚመራ መካከለኛ አካል የለም።

ለዚህ ቅርብ የሆነው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ነው። አዋጁ በአንድ የመስኖ አውታር የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሥርተው ውሃውን እንዲያስተዳድሩ፣ ክፍያ ሰብስበው አውታሩን እንዲጠግኑ ያስችላል። መሠረቱ አውታሩ እንጂ ቀበሌው አይደለም። ሆኖም የማኅበሩ ሥልጣን ከአውታሩ አያልፍም፤ ውሃው የሚመነጭበት ተራራ ከእጁ ውጪ ነው።

በሌላው ዓለም ክፍተቱ የተሞላው ለአንድ ዓላማ ብቻ በሚቋቋሙ አካላት ነው። በኔዘርላንድስ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆዩት የውሃ ቦርዶች ዛሬ 21 ናቸው፤ የራሳቸው ምርጫና የራሳቸው ግብር አላቸው። በአሜሪካም በአቧራ ማዕበል መሬት ከተራቆተ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክት ተመሠረተ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 3 ሺህ ይጠጋል። ሁለቱም ከመደበኛው አስተዳደር ጎን ለጎን ይሠራሉ እንጂ አይተኩትም።

ስጋቱና መውጫው

ሐሳቡ በእኛ አካባቢ ሲነሳ ሁለት ስጋት ይከተላል። የመጀመሪያው የወሰን ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ የመዋቅር ጥያቄም በአካባቢው ስሜት የሚነካ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የጋራ ተፋሰስ አካል የወረዳ ወሰን እንደማይለውጥ፣ የአርሶ አደሩንም የይዞታ ደብተር እንደማይነካ ከመነሻው በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ስጋት ተጨማሪ ወንበር፣ ተጨማሪ አበልና ተጨማሪ ስብሰባ ብቻ ይሆናል የሚለው ነው። ይህም መሠረት የሌለው ስጋት አይደለም።

በመሆኑም አዲስ መሥሪያ ቤት ከመክፈት ይልቅ በአንድ ወንዝ መጀመር ይሻላል። ወንዙን የሚጋሩ ወረዳዎች ምክር ቤቶች የጋራ ስምምነት ሊያጸድቁ፣ ከላይና ከታች እኩል ቁጥር ያላቸው አርሶ አደሮች የሚወከሉበት ኮሚቴ ሊያቋቁሙ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶቻቸውም አንድ ካርታና አንድ ዕቅድ ሊይዙ ይችላሉ። ከመስኖ ተጠቃሚው የሚሰበሰብ አነስተኛ መዋጮ ለደጋው አርሶ አደር የችግኝና የመኖ ዘር ቢሆን ሸክሙ ይካፈላል። ከጨንቻ አካባቢ የተገኘው ደሾ ሳር እርከን ያጠናክራል፤ ታጭዶም ለከብት ይቀርባል። የተከለለውን ግጦሽ በከፊል የሚተካ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

የጋሞ ሕዝብም በጋራ መምከር አዲስ አይሆንበትም። በዱቡሻ ተቀምጦ የመሬትና የግጦሽ ክርክርን የመፍታት ባህሉ ከወረዳ መዋቅር የቀደመ ነው። የኮሚቴው ውሳኔ ሲጣስ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት በፊት ለሽማግሌዎች እንዲቀርብ ማድረግ ወጪም ጊዜም ይቆጥባል።

የቀጣዩ በጋ ዕቅድ ሲዘጋጅ ወረዳዎች ከሄክታር ብዛት በተጨማሪ አንድ ጥያቄ ሊመልሱ ይገባል፤ ወሰን ላይ ያለውን ቦረቦር ማን ይሠራዋል፣ በማን በጀት? መልሱ በሁለቱም ወረዳዎች ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እስካልተጻፈ ድረስ የደጋው አፈር በየክረምቱ መውረዱን፣ የቆላው ቦይም በደለል መሞላቱን ይቀጥላል።