ለቤት የእጅ ሥራ ክፍል የሚበቁ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደረስ፥ ይፋግ ትገኛለች። በቀድሞ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ዛሬ ስለ እርስዋ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ገበያዋ አይደለም። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ያረፉ አንድ የቤተ ሰብ አባት፥ በዚያ ባለው ቤታቸው ጓሮ የሚገኘውን አሮጌ የእህል ቤት አስጠርገው የእጅ ሥራ ክፍል ሊያደርጉት አስበዋል። ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊሠሩበት የሚገዙት የኤሌክትሪክ መሣሪያ የትኛው ሊቀድም እንደሚገባ ጠየቁን። የላኩልን ዝርዝር ዐሥራ አንድ ዓይነት መሣሪያ የያዘ ነበርና፥ ስምንቱን እንሰርዝ ዘንድ ፈቃዳቸውን ለመንን።

አስቀድመን የሐሳባቸውን መልካምነት ሳንመሰክር ማለፍ አይገባንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት፥ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን ሰው መናቅ በአገራችን ሥር ሰድዶ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ የተከበሩ አባት መዶሻ ይዘው ከልጅ ልጃቸው ጋር ለመቆም መፈለጋቸው ደስ ያሰኘናል።

ስለ ዝርዝሩ መርዘም ግን አንድ የአገሩን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። ከይፋግ ወደ ምሥራቅ፥ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ በኋላ ግን ሴባስቶፖል የተባለው፥ ክብደቱ ሰባት ቶን የሚጠጋው ትልቁ መድፍ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ እርሱን ለማሳለፍ ገደሉን እያስናዱ፥ መንገዱን እያስጠረጉ፥ በብዙ ሺሕ ሰው ጕልበት ወራት በፈጀ ጕዞ አደረሱት። የንጉሡን ታላቅ ሐሳብ መንቀፋችን አይደለም። ነገር ግን ባለ ትልቅ ጠረጴዛ መጋዝ ገዝቶ በአንድ የእህል ቤት ውስጥ ማቆም፥ ሴባስቶፖልን በጓሮ እንደ ማስገባት ይሆናል፤ መሣሪያው ቤቱን ያገለግላል ሲባል ቤቱ መሣሪያውን ያገለግላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚቀድመው መሰርሰሪያው፥ ድሪል የሚባለው ነው። የበር ማጠፊያ ለመግጠም፥ መደርደሪያ በግድግዳ ላይ ለመስቀል፥ የተላቀቀ ወንበር ለማጥበቅ፥ ከቤት ሥራ እኩሌታው ቀዳዳ መብሳት ነውና። ከ600 እስከ 700 ዋት ጕልበት ያለው፥ ፍጥነቱ በጣት የሚቀነስና የሚጨመር፥ ለድንጋይና ለሲሚንቶ ግድግዳ መምቻ ያለበት ቢሆን ለብዙ ዘመን ይበቃል። ለእንጨት፥ ለብረትና ለግድግዳ የሚሆኑት መብሻዎች የተለያዩ መሆናቸውን ግን አንርሳ፤ የእንጨቱን መብሻ በሲሚንቶ ላይ የሞከረ ሰው ወዲያው ሌላ ለመግዛት ይገደዳል። ጋቢና ነጠላ ለብሶ ወደዚህ መሣሪያ መቅረብም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የሚሽከረከረው ብረት የጋቢውን ጫፍ አንድ ጊዜ ከያዘ ሰውዬውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል እንጂ አይለቅም።

ሁለተኛው ግራይንደር ነው። ብረት ይቈርጣል፥ ዝገት ያነሣል፥ የደነዘ ማረሻና መጥረቢያ ይስላል፤ ስለዚህ ለገጠር ቤት እጅግ ይጠቅማል። ከሦስቱም የሚያስፈራው ግን እርሱ ነው። ዲስኩ 115 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ቍጥር በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። አንዳንድ ሰዎችም ሥራ ለማፋጠን የእንጨት መጋዝ ጥርስ ያለበትን ዲስክ ይገጥሙበታል፤ ይህ ጥርሱ በእንጨቱ ውስጥ በተያዘ ጊዜ መሣሪያውን ከእጅ አስፈንጥሮ ወደ ሠራተኛው የሚመልስ ነገር ስለ ሆነ ማንም እንዳያደርገው አጥብቀን እንለምናለን።

እኛም በዚህ መሣሪያ አንድ ጊዜ ተቀጥተናል። ዋጋው ረከሰልን ብለን የዲስክ መከለያው የወለቀ ግራይንደር ከአንድ ሱቅ ገዛን፤ ያለ መከለያም ብረት ስንቈርጥ ዲስኩ ተሰበረና ስባሪው በጆሮአችን አጠገብ አልፎ በበሩ ሳንቃ ላይ ተሰካ። በዚያ በር አጠገብ ጥቂት ቀደም ብሎ የቤታችን ትንሽ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥራችንን ያይ ነበር፤ እናቱ ለምሳ ስለ ጠራችው ተነሥቶ ሄደ። በርጩማው ባዶውን ቀርቶ ባየነው ጊዜ እጃችን እየተንቀጠቀጠ ሶኬቱን ነቀልን። ከዚያ ቀን ወዲህ መከለያ የሌለውን ግራይንደር በነጻ ቢሰጡንም አንቀበልም፤ የዓይን መነጽርም ሳናደርግ አንነካውም።

ሦስተኛው ጂግሶ የሚባለው ነው። ምላጩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ሳንቃውን ቀጥ አድርጎም አጣምሞም ይቈርጣል። ከክቡ መጋዝ ይልቅ ቀርፋፋ ቢሆንም ለጀማሪ እጅ ይራራል። የኤሌክትሪክ መላጊያ፥ ቶርኖና የብየዳ መኪና ግን ይቅሩ። የእጅ መላጊያ በሚገባ ከተሳለ ለቤት ሥራ ይበቃል፤ ብየዳ የሚሠራ ባለሙያም በየከተማው ስለማይጠፋ ጥቂት ብር ከፍሎ ማሠራት ለዓይንም ለኪስም ይሻላል።

ስለ ኤሌክትሪኩም የምንለው አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ለማውጣት የሚጠቀመው ይፋግ ከምሥራቅ የምትጎራበተውን የጣናን ውኃ ነው። ጎረቤት መሆን ግን መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። መብራት በድንገት በጠፋ ጊዜ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ይወጣል፤ ቍልፉን እንዳላጠፋው ይረሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስ ግራይንደሩ ማንም ሳይነካው በጠረጴዛው ላይ መዞርና መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ መጀመሪያ ቍልፉን ማጥፋት፥ ቀጥሎ ሶኬቱን መንቀል ልማድ ይሁን። የማራዘሚያው ሽቦም ተጠቅልሎ እንዳለ ከተሠራበት ስለሚግል እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ይሠራበት። በባትሪ የሚሠሩት መሣሪያዎች መብራት በሌለ ጊዜ ቢጠቅሙም፥ የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ለሌላው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሆን ገዥው ከአንድ ዓይነት ጋር ታስሮ ይቀራል።

የእጅ መጋዝ፥ መሮ፥ መዶሻና ሞርሳ ከእነዚህ በፊት ሊገዙ ይገባል። ሞርሳ ሥራውን አጥብቆ ስለሚይዝ ልጁ በአንድ እጁ እንጨት፥ በሌላው መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ያደርጋል። ለመለማመጃም የደረቀ ዋንዛ ቢገኝ መልካም ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ በተሠራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየተጣመመ የጀማሪን ተስፋ ይቈርጣልና።

የመጀመሪያ ሥራቸው እነዚሁ ሦስት መሣሪያዎች የሚቀመጡበት ባለ ቍልፍ ሣጥን እንዲሆን መከርናቸው፤ መክፈቻውንም የሚይዙት እርሳቸው ራሳቸው ይሁኑ። እኒህ አባት ምክራችንን ተቀብለው ዝርዝሩን ወደ ሦስት ማውረዳቸውን ገልጸውልናል። ስለ ቶርኖው ግን አንድ ጊዜ ደግመን እንድናስብ ይለምኑናል።