የስፖርት ሴዳንን ሂሳብ የሚከፍለው ሁለተኛው ገዢ ነው

መኪና ሻጭን "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ብለው ቢጠይቁት ፊቱ ይፈካል፤ ቁጥር እየደረደረ ያስረዳዎታል። "ከአምስት ዓመት በኋላ ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?" ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል። ስፖርት ሴዳን በሚባሉት አውቶሞቢሎች ባለቤቶችና በፋብሪካዎቹ መካከል ያለው አለመግባባት የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ፋብሪካው የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው፤ ባለቤቱን የሚያሳስበው ግን ሁለተኛው ነው።

ስፖርት ሴዳን ማለት አራት በር ኖሮት ቤተሰብ የሚያሳፍር፣ ነገር ግን በፍጥነቱና በመሪው ታዛዥነት ነጂውን የሚያስደስት የቤት አውቶሞቢል ነው። የዚህ ገበያ መለኪያ ሆኖ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው 3 ሲሪስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ሰባተኛው ትውልድ ነው። መርሴዲስ፣ አውዲና ሌክሰስ ሲፎካከሩ የኖሩትም ከእሱ ጋር ነው። እንግዲህ ባለቤቶቹ በቀጣዩ ትውልድ ምን እንዲሻሻል ይፈልጋሉ? መልሱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ጉልበት አይደለም።

ቅሬታዎቹን በየተራ እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ስኮርታ ጎማውን አስቀርቶ፣ ቢተነፍስም ለጥቂት ርቀት የሚነዳ ጎማ ይዞ መጣ። ጎማው ጉድጓድ ላይ ይደርቃል፤ ሲቀየርም ውድ ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተነሥቶ ነገሩ ለኤሌክትሮኒክስ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ስድስተኛው ትውልድ ደግሞ በዘይት ግፊት ይሠራ የነበረውን መሪ በኤሌክትሪክ ተካው፤ ነጂው ከመንገዱ ያገኝ የነበረው ስሜት ደነዘዘ ተባለ። ከዚያ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ ወደ ስክሪን ገባ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በጣት ተነክቶ ይሠራ የነበረውን ነገር ዓይንን ከመንገድ አንሥቶ መፈለግ መጣ።

ኪራይም ተጨመረበት። በአሜሪካ አፕል ካርፕሌይ የተባለውን የስልክ አገልግሎት በመኪናው ውስጥ ለመጠቀም በዓመት 80 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ኩባንያው ይህን የተወው በ2019 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በብሪታንያና በደቡብ ኮሪያ የወንበር ማሞቂያ በወር ክፍያ ቀረበ። ማሞቂያው መኪናው ውስጥ ተገጥሟል፤ ባለቤቱ ግን የገዛውን ዕቃ እንደገና እንዲከራይ ተጠየቀ። ቁጣው ሲበረታ በ2023 ቀረ።

ፋብሪካዎቹ በምላሹ የሚያቀርቡት ጉልበት ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ሲ 63 እንመልከት። ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር በአራት ሲሊንደርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተክቶ ኃይሉን ወደ 680 የፈረስ ጉልበት ሲያደርሰው፣ ክብደቱም ከ2 ቶን በላይ ሆነ። በወረቀት ላይ ከቀድሞው ይበልጣል፤ በቀድሞዎቹ ደንበኞች ዘንድ ግን ቅሬታ እንጂ ምስጋና አላተረፈም። የፍጥነት ወሰን ባለበት አውራ ጎዳና ላይ 680 የፈረስ ጉልበት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን አይሰማም? መልሱ የምህንድስና ሳይሆን የኢኮኖሚ ነው። በአሜሪካ እነዚህ መኪኖች በብዛት የሚወጡት በሊዝ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ ለ36 ወር ከፍሎ ይመልሳል። የቢ.ኤም.ደብሊው የአሜሪካ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ስለሆነ፣ ይህ ሰው የጋራዥ ሂሳብ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ይለያያል። ሂሳቡ የሚደርሰው ለሁለተኛው ገዢ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ መኪና መሸጫ ውስጥ ስለማይገባ የሚጠይቀው የለም።

ሂሳቡ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኩባንያው ከ2007 እስከ 2010 ሞዴል ከሆኑት ባለ ሁለት ተርቦ መኪኖቹ 130 ሺህ ያህሉን በከፍተኛ ግፊት የነዳጅ ፓምፕ ችግር ምክንያት በአሜሪካ የጠራው በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ነው። የፓምፑንም ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል አራዝሟል። ዋስትናው ባይራዘም ኖሮ ወጪው በማን ላይ ይወድቅ እንደነበር ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ገዢ ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። ድምፁ የመሸጫ ዋጋው ነው። የሊዝ ዘመኑ ሲያልቅ መኪናው የሚመለሰው ለአበዳሪው ሲሆን፣ አበዳሪው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ የፋይናንስ ክፍል ነው። ዋጋው ከተገመተው በታች ከወረደ የሚከስረው እሱ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2008 ለተመላሽ መኪኖች ዋጋ መውደቅና ለማይመለስ ብድር ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ መጠባበቂያ ለመያዝ ተገድዷል። የዚያን ጊዜው ምክንያት የዓለም የገንዘብ ቀውስ እንጂ የሞተር ብልሽት አልነበረም። ቢሆንም ያገለገለ መኪና ገበያ ፊቱን ሲያዞር ክፍያው ወደ ፋብሪካው እንደሚመለስ አሳይቷል።

"ጠንካራ ዕቃ መሥራት ዋጋ ያስወድዳል፤ አዲስ ገዢም አይከፍልበትም" የሚል ክርክር ይቀርባል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። ዋጋው 60 ሺህ ዶላር የሆነ መኪና እንውሰድ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግማሽ ዋጋውን ቢይዝና 60 ከመቶውን ቢይዝ ልዩነቱ 6 ሺህ ዶላር ነው። ለ36 ወር ሲካፈል ወለዱን ሳይጨምር በየወሩ ወደ 167 ዶላር ይሆናል። የዕቃው ጥንካሬ የተረጋገጠ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠቃሚም በየወሩ ይጠቀማል ማለት ነው። ይህን ቅናሽ የትኛውም የማስታወቂያ ገንዘብ አይገዛውም።

አሁን ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ቀጣዩ ትውልድ ወደ ኤሌክትሪክ በመዞሩ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው "ኖየ ክላሰ" ብሎ የሰየመው አዲሱ ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪና በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ቀርቧል። ባለ 800 ቮልት ነው፤ በፍጥነት ይሞላል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የባትሪው ሴሎች እንደ ቀድሞው በየሣጥኑ ተከፋፍለው ሳይሆን በቀጥታ በአንዱ ትልቅ ጥቅል ውስጥ ነው የተደረደሩት። ይህ ክብደትና ወጪ ይቀንሳል። ግን አንዱ ክፍል ሲበላሽ ለብቻው ይቀየራል ወይስ ሙሉው ይጣላል? የባትሪ ዋስትና በአሜሪካ በተለምዶ 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው፤ በዘጠነኛው ዓመት ላይ የሚቆመው አሁንም ያው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገዢ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ደንግጓል። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መርማሪ ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ጥሩምባና ዝናብ መጥረጊያ ያሉት በእጅ የሚነካ ማዘዣ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጥ አስታውቋል። ባለቤቶች ለዓመታት የጮሁበትን ጉዳይ ሌሎች ሲያስገድዱ፣ ፋብሪካዎቹ ቀድመው ቢሰሙ ይሻላቸው ነበር ያሰኛል።

ጉዳዩ ከእኛ ገበያ የራቀ እንዳይመስል። የአዲስ አበባ ደላላ የጀርመን መኪና ሲቀርብለት ከሁሉ አስቀድሞ "መለዋወጫው ይገኛል ወይ?" የሚለው፣ ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ ባረጀም ገንዘብ ነው የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ የአስመጪው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ራሱ ሁለተኛው ገዢ ነው። ስለዚህ ከቀለሙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት የባትሪውን ጤንነት የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ፣ የቀረውን የዋስትና ዘመንና ጠጋኙን መጠየቅ ይኖርበታል።

ፋብሪካዎቹም ቀጣዩን ስፖርት ሴዳን ሲነድፉ ሦስት ነገር ቢያሟሉ ይበቃቸዋል። በክፍል በክፍሉ የሚጠገን ባትሪ፣ ቀለል ያለ ክብደትና መንገዱን የሚናገር መሪ፣ ከተሸጠ በኋላ ኪራይ የማይጠየቅበት ዕቃ። ይህን የሚያቀርበው ኩባንያ የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር በትልቁ መጻፍ አያስፈልገውም። ያገለገለ መኪና ገበያ ራሱ ያስተዋውቅለታል።