በልጆቻችን ስም የሚመጣው ገንዘብ

በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በቂርያት ማላኪ፣ በጌዴራና በያቭኔ የሰፈራችሁ ቤተሰቦች፤ የምንኖርባት የቂርያት ማላኪ ስም ከየት እንደ መጣ ሰምታችሁ ይሆናል። «ማላኪ» የኛው «መልአክ» ነው። ከተማይቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ከድንኳንና ከቆርቆሮ ሰፈር ወጥታ ስትቆረቆር የሎስ አንጀለስ አይሁዶች በገንዘብ ረድተዋታል። የእነርሱ ከተማ ስም «መላእክት» ማለት ስለ ሆነ፣ ያው ስም በዕብራይስጥ ተተርጉሞ ተሰጣት። እንግዲህ ሁላችንም፣ ከሞሮኮ የመጣውም፣ ከቡኻራ የመጣውም፣ ከጎንደር የመጣውም፣ በለጋሽ ስም በተጠራች ከተማ ነው የምንኖረው። እርዳታ ወደዚህ አገር ከኛ ጋር በአውሮፕላን አልመጣም፤ እኛ ስንደርስ ተቀምጦ ጠበቀን። ይህን አስቀድመን የምናነሣው «ኢትዮጵያውያን እጃቸውን መዘርጋት ለመዱ» የሚለውን ወሬ በየቢሮው ስለምንሰማና ስለ ሰለቸን ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። በየዓመቱ በልጆቻችን ስም ገንዘብ ይጠየቃል። ጠያቂዎቹ «ዓሙታ» የሚባሉት ማኅበራት ናቸው፤ ሰጪዎቹ ደግሞ «ኬረን» የሚባሉት የበጎ አድራጎት የገንዘብ ድርጅቶች፣ የውጭ አገር አይሁድ ፌዴሬሽኖችና መንግሥት ናቸው። ገንዘቡ ለማስጠኛ፣ ለመጽሐፍ፣ ለትኩስ ምሳ፣ ከትምህርት በኋላ ለሚደረግ ክበብ ይባላል። ወላጁ ግን ስንት እንደ ተጠየቀ፣ ስንት እንደ መጣ፣ የመጣው የት እንደ ዋለ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። እኛ የምንለው ላሟን አምጡልን አይደለም፤ በስማችን የምትታለብ ከሆነ ወተቱ ሲለካ አጠገብ እንቁም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀን አቆጣጠር እንናገር፤ ጉዳቱ ከሁሉ የከፋው በዚህ ነውና። የትምህርት ዓመት የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነው። የመንግሥት በጀትና የብዙ ኬረኖች ዓመት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጠራል። ማኅበሩ ማመልከቻ ያስገባል፤ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል፤ መልሱ ሲመጣ የፀደይ ወራት ሆኗል። አስጠኚው ተማሪ ተቀጥሮ፣ ልጆች ተመዝግበው፣ ክፍል ተገኝቶ ሥራው ሲጀመር የበጋው የባግሩት ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሟል። የ11ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ የሚከብደው በኖቬምበር ነው፤ እርዳታው የሚደርሰው በሜይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያም በዲሴምበር ገንዘቡ ያልቃል፤ ልጁ የለመደው አስጠኚ ሄዶ ሌላ ይመጣል፣ ወይም ማንም አይመጣም። በሪፖርቱ ላይ ግን «ይህን ያህል ልጆች ተሳትፈዋል» ተብሎ ይጻፋል።

ፖለቲካው ሲታከልበት ደግሞ የባሰ ነው። ከኤፕሪል 2019 እስከ ማርች 2021 አገሪቱ አራት ጊዜ ምርጫ አካሄደች። የ2020 ዓመት በጀት ሳይጸድቅለት አለፈ፤ ቀጣዩ የጸደቀው በኖቬምበር 2021 ነበር። በጀት በሌለበት ጊዜ መንግሥት በየወሩ ከቀድሞው በጀት ከ12 አንድ እጁን እያወጣ ይኖራል እንጂ አዲስ ሥራ አይጀምርም። ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን ጊዜ ካለው ጥሪት እየበላ ያልፋል። በሹኹና (በመንደር) ውስጥ ያለ ትንሽ ማኅበር ግን በሁለት ወር መብራቱን ያጠፋል። ያው ዘመን የኮሮና ዘመን እንደ ነበር፣ ልጆቻችንም አንድ ስልክ ለአራት ተካፍለው «በዙም» ተማሩ መባላቸውን ማንም አይረሳውም።

ትንሹ ማኅበር ለምን ገንዘብ አያገኝም? አስጠኚዎቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። ሕጉ (የማኅበራት ሕግ የወጣው በ1980 ነው) መዝገብ ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው፣ ይጠይቅ። ከመዝጋቢው «ኒሁል ታኪን» የሚባል የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ ይፈለጋል። ለጋሹ ግብር እንዲቀነስለት የግብር ሕጉ አንቀጽ 46 ፈቃድ ይፈለጋል። የሒሳብ አዋቂ ፊርማ ይፈለጋል። ማመልከቻው አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አንዳንድ ኬረን ደግሞ «ግማሹን እናንተ አምጡ፣ ግማሹን እኛ» ይላል። በአጭሩ ገንዘብ ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ መኖር አለበት። ለሒሳብ አዋቂው የሚከፈለውን ደግሞ ብዙዎቹ ለጋሾች አይሸፍኑም፤ «ገንዘባችን ለልጆች እንጂ ለቢሮ አይደለም» ይላሉ። ንግግሩ ያምራል። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው፤ ጸሐፊና ሒሳብ አዋቂ ያለው የሩቅ ድርጅት ያሸንፋል፣ የልጁን እናት በስሟ የሚያውቀው የሰፈር ማኅበር ይወድቃል።

ስለ ወረቀቱ ቋንቋም ዝም አንልም። ገንዘብ የሚለምን ሰው ልጁን ማሳዘን አለበት። ስለዚህ ልጆቻችን በማመልከቻው ውስጥ «ኖዓር በሲኩን» (በአደጋ ላይ ያለ ወጣት) ይሆናሉ፤ ወላጆቻቸው «ማንበብ የማይችሉ»፣ ቤታቸው «ደካማ» ይባላል። ለጎብኚ እስክስታ እንዲወርዱ ይደረጋሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶውም በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ይወጣል። ልጁ እኮ ዕብራይስጥ ያነባል! ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አንብቦ ወደ ቤት ይመጣል። ጎረቤቱም ያነባል። በጃንዋሪ 2012 በዚህችው በቂርያት ማላኪ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ተሰምቶ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ያ ክፋት ከምጽዋት ወረቀት ተወለደ አንልም። ነገር ግን ዓመት እስከ ዓመት ስለ አንድ ሕዝብ «ደካማ፣ ደካማ» እየተባለ ሲታተም፣ ደካማ ጎረቤት የማይፈልግ ሰው ቢበዛ ምን ይደንቃል?

አንዳንድ ወገኖቻችን፣ ሽማግሌዎችም ጭምር፣ «ያጎረሰን እጅ አንንከስ፣ ነውር ነው» ይሉናል። እናከብራቸዋለን። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14 ሺህ ያህል ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲወጣ፣ ለያኔው የኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል መከፈሉን፣ ገንዘቡንም የአሜሪካ አይሁዶች ማዋጣታቸውን አንረሳም። ውለታ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሒሳብ መጠየቅና ውለታ መርሳት አንድ አይደሉም። የዚህ አገር የቀድሞ ሰዎችም ይህንኑ አድርገዋል። ከኛ ብዙም በማይርቀው በሪሾን ለጽዮን የነበሩት ገበሬዎች የባሮን ሮትሽልድን ገንዘብ እየተቀበሉ፣ በ1887 የባሮኑ ሹም አላሠራን አለ ብለው ተነሡበት። በ1884 የተቆረቆረችው ጌዴራም በባሮኑ ሹሞች ሥር አልሆነችም፤ ገበሬዎቿ ችግሩን ቻሉት። ዛሬ እነዚያን ሰዎች ምስጋና ቢሶች የሚላቸው የለም፤ መንገድና ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል።

ሁሉም መጥፎ ነው ብለን አንሰብክም፤ ውሸት ይሆናልና። ከ1974 ጀምሮ በሬሖቮት ከቫይዝማን ኢንስቲትዩት የተነሣው «ፔራሕ» የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ከልጅ ጋር አገናኝቶ፣ ለተማሪው የትምህርት ክፍያውን በከፊል ይሸፍናል። ያስጠኚና የተጠኚ ዓመት አንድ ስለ ሆነ አይጋጭም። ብሔራዊው የኢትዮጵያውያን ፕሮጀክት ከመንግሥትና ከውጭ አይሁዶች በሚያገኘው ገንዘብ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በትናንሽ ቡድን ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሌላም ያስጠናል፤ በአመራሩም ውስጥ ከኛ ማኅበራት የተወከሉ አሉበት። የእርሱም ጭንቀት ያው የበጀት መዘግየት ነው። በጌዴራ በሻፒራ ሰፈር «ሐቬሪም በቴቫ» የተባለው ማኅበር በ2005 ሲመሠረት፣ የተማሩ ልጆቻችን ራሳቸው በሰፈሩ ሊኖሩ ገቡ። ከሁሉ የሚበልጥብን ይህኛው ነው። በአራት ሰዓት መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቴል አቪቭ ከሚመለስ ባለሙያ ይልቅ፣ ማታ ከልጁ ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ልጁን ያውቀዋል።

የሥራው መለኪያም ይስተካከል። «ባግሩት አገኘ» ሲሉን እልል እንላለን፤ ግን ስንት ዩኒት? እንግሊዝኛን በሦስት ዩኒት የጨረሰ ልጅ ወረቀት ይዟል፣ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አራት ይፈልጋሉ። በሒሳብም ልጁ በ10ኛ ክፍል ወደ ሦስት ዩኒት ሲወርድ መሐንዲስነት የራቀው ያን ቀን ነው፤ ወላጁ የሰማው ግን በ12ኛ ክፍል ነው። በገንዘብ ሪፖርት ላይ መጻፍ ያለበት ስንት ልጅ ሳንድዊች በላ ሳይሆን፣ ስንት ልጅ ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አምስት ከፍ አለ የሚለው ነው።

ስለዚህ ለሰጪዎች እንዲህ እንላለን። ለአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ስጡ፤ ከሴፕቴምበር ጀምራችሁ ቁጠሩ። ለሒሳብ አዋቂው የሚከፈለውን አትንፈጉ፤ ሒሳብ የምትፈልጉት እናንተው አይደላችሁም? ገንዘቡን በሚመድበው ኮሚቴ ውስጥ ከየከተማው ወላጆች ይቀመጡ። የዓመቱም ሒሳብ በአንድ ገጽ በአማርኛ ታትሞ በመትናሱ በር ላይ ይለጠፍ።

ለእናንተ ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ፤ ሒሳብ መያዝ ማንም እንዲያስተምረን አንፈልግም። በእድራችን መዝገብ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ዳኛ አለ፤ አሥር ሼቄል ብትጎድል ሸንጎ ተቀምጦ ይጠየቃል። ዓሙታም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የፍትሕ ሚኒስቴር የሚደግፈው «ጋይድስታር» የተባለ የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ የማንኛውም ዓሙታ የሒሳብ ሪፖርት በነፃ ይታያል፤ ገቢያቸው ከፍ ያለ ማኅበራት ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውን አምስት ሠራተኞች ሳይቀር ይገልጻሉ። በዕብራይስጥ ስለ ሆነ የሚያነብላችሁ ትልቅ ሰው ያዙ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የራሱን ውጤት ለወላጁ የሚተረጉም ልጅ ምን ብሎ እንደሚተረጉም ሁላችንም እናውቃለን። «መጋሼር» (አማርኛ የሚናገር አገናኝ) ይምጣልን ብላችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

በሴፕቴምበር ለፕሮግራም መመዝገቢያ ወረቀት ስትቀበሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው? ያን ጊዜ አስጠኚው ይቀጥላል ወይስ ይሄዳል? ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ የሚጠይቀው መስመር ላይ ደግሞ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ በአማርኛ እስኪነገራችሁ ድረስ አትፈርሙ።